ከደንገጎ ላይ የታየው ጣሪያ

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለሃዎ አባት፣ ለጉሌድ፤

አሰላሙ አለይኩም። ለጤናህ እንዴት ነህ? እኔና ልጅህ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ አሁን ልቆጣህ ነው።

«ናፍቆት ሲበረታብሽ ደንገጎ ተራራ ላይ ውጪ፤ ከጥድ ጫካው ጫፍ ስትቆሚ ጅቡቲ ትታይሻለች፣ እኔም ከዚህ ሆኜ ወደ አንቺ እያየሁ ነው» ብለህ አልጻፍክልኝም? እኔ ሞኟ አመንኩህ! ለይለፍ ወረቀት ቀበሌ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ሐረር የታመመች አክስት አለችኝ ብዬ በጾሜ ዋሸሁ።

ሃዎን ይዤ በዚያ ብርድና ጭጋግ ጫካውን አቋርጬ ጫፉ ላይ ስደርስ፣ ክፍሉ የሚባል ሽማግሌ የደን ጠባቂ አገኘሁ። ከሰል የሚያከስሉ ሰዎችን ጭስ በሩቅ ማሳያ መነጽር የሚፈልግ ሰው ነው። ጭጋጉ እስኪገለጥ ጠብቄ ጅቡቲ በየት በኩል እንደሆነች ጠየቅሁት።

«አቦ፣ ጅቡቲማ ከዚህ እንዴት ትታያለች! በባቡር ስንት ሰዓት ነው! ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ባሌ።»

«ሥራው ምን ነበር?»

«ባቡር ላይ ነበር።»

አንገቱን ደፋ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ሐዲድ የተመላለስክ ሰው፣ ጣቢያዎቹን በቃልህ የምትጠራ ሰው፣ እንዴት እንዲህ ትዋሸኛለህ?

ሽማግሌው አዝኖልኝ መነጽሩን ሰጠኝ። በዓይኔ የደቻቱን ወንዝ ተከትዬ፣ ድልድዩን አልፌ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ቤታችንን አገኘሁት። ጉሌድ፣ ጣሪያው! ግማሹን ቆርቆሮ መትተህ «ተመልሼ እጨርሰዋለሁ» ያልከው፣ ስድስት ክረምት ከሥሩ ድስት የደቀንበት፣ በጆንያ የሸፈንኩት ግማሽ ከተራራ ላይ ይታያል! በንዴት አለቀስኩ። ሃዎ መነጽሩን ተቀብላኝ «አባ ያለው እዚያ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ምን ልበላት?

ከጅቡቲ ስደት የሚመለሱትን የጫነ ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያ ቆሜያለሁ። ጎረቤታችን ሰማታር እንኳ ገባ። አንተ ግን ድሪያ ቀሚስ ትልክልኛለህ። ለበስኩት፤ ከቁመቴ አንድ ክንድ ይረዝማል። ቁመቴን ረስተህ ነው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ።

ዛሬ ጠዋት መሰላል ተውሼ ወጣሁና ድሪያህን ጆንያው ላይ ወጥሬ ቸነከርኩት። ደማቅ ቀይ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። ስትመጣ ባቡሩ መስኮት አጠገብ ተቀመጥ። መዶሻህን መልሼ አንተ በሰቀልክበት ሰቅዬዋለሁ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ መንገድህንም ወደ ቤትህ ያቅናልህ።

የሃዎ እናት
ቱሪያ