ከነስህተቱ ስላንጎራጎሩት ዜማ

ለተከበሩ የአካባቢያችን ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለጆሮዎ ብርታት እመኛለሁ፤ ይህን የመጨረሻውን ለወግ ያህል እንዳላልኩት ደብዳቤዬን ሲጨርሱ ይረዱልኛል። እኔ ከምኩራባችን ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ለአቅመ ትእዛዝ፣ ማለትም በጉባኤ ፊት ኦሪት ለሚያነቡበት ዕድሜ፣ ሊደርሱ የተቃረቡ ልጆችን ከመደበኛ ትምህርታቸው መልስ ዕብራይስጥና የኦሪት ንባብ የማስተምር ሴት ነኝ። ለደኅንነታችን ያሳዩትን ትጋት በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እንዳልባል ብዕሬን አነሣሁ።

አንደኛ፤ በራችን ፊት ለፊት ሞተሩን ሳያጠፋ ስለሚውለው ግራጫ መኪና አቤት ልንል በመጣን ጊዜ፣ መኪናውን ከማስነሣት ይልቅ የእኛን የስም ሰሌዳ እንድናነሣ ስለመከሩን ምስጋናችን የላቀ ነው። ሰሌዳውን አወረድን፤ መኪናው ካለበት ንቅንቅ አላለም። በድጋሚ ስንመጣ መስኮቶቹን በወፍራም መጋረጃ እንድንሸፍን፣ ቀጥሎም ልጆቹ በጓሮ በር እንዲገቡ አዘዙን። ሁሉንም ፈጸምን። ዛሬ ልጆቻችን ሊማሩ ሲመጡ ላያቸው ሰው ሊሰርቁ የመጡ ይመስላሉ፤ ባለመኪናው ግን ከዋናው በር ፊት ተዝናንቶ ጋዜጣውን ያነባል።

ሁለተኛ፤ አደጋ ቢደርስብን በቶሎ እንድንጣራ ብለው ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ስላስተከሉልን ነጭ የማስጠንቀቂያ ሣጥን። አንድ ዝናባማ ቀን ያልታወቀ ሰው የጓሮውን በር ሲደበድብ ቁልፉን ደጋግሜ ብጫን የመጣልን አልነበረም። ስለዚህ የሣጥኑ ሥራ ምን እንደሆነ ለመረዳት የእርስዎን ጉብኝት መጠበቅ ግድ ሆነብን።

ሦስተኛ፤ ጉብኝትዎ። ባለፈው ወር መጥተው የልጆቹን ራስ እየዳበሱ ካለፉ በኋላ፣ በመተላለፊያው ቧንቧ እጅዎን ሲታጠቡ ሳይታወቅዎት ማንጎራጎር ጀመሩ። የኦሪት ንባብ ዜማ ነበር። ድምፅዎ መልካም ነው፤ ይሁንና ዜማው ሽቅብ ሊወጣ በሚገባው ቦታ ላይ ቁልቁል ወረዱ። በክፍላችን እንዲህ የምትሳሳት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ጓደኞቿ ስለ ድምፅዋ “መለከት” የሚሏት የአውቶቡስ ሾፌሩ ልጅ። በጉባኤው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታነብበት ሰንበት እየተዘጋጀች ነበር፤ ከዚያች ክፍል ውጭም አንብባ አታውቅም። ከጎኔ ቆማ ነበርና እጄን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ። “እትዬ፣ ይሄ እኮ የኔ ስህተት ነው” አለችኝ በሹክሹክታ። እኔም ፎጣ አቀበልኩዎት፤ እርስዎም “ጎበዝ ልጆች አሉሽ” ብለውኝ ሄዱ።

ወሬው ወላጆች ዘንድ ሲደርስ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆቻቸውን አስቀሩ። የመለከት አባትም ሊነግረኝ መጣ። “ዝም አይነቅዝም እትዬ፣ ዘንድሮ ይቅርባት” አለኝ። ልጅቱ ከኋላው ሆና፣ “አባዬ፣ ዝም ስንልም እኮ እየሰሙን ነው” አለችው። ጎልማሳው ሰውዬ ኮፍያውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆይቶ፣ “በሉ እኔ አውቶቡስ ውስጥ ተለማመዱ” አለ። ከዚያ በኋላ የተለማመድነው እሱ ጋራዥ ባቆመው ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ድምፅዋ እንዳይወጣ እሱ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ሞተሩን ያስጮኻል። “ስህተቴን ላርመው ወይስ ልተወው?” ብላ ጠየቀችኝ። አርሚው አልኳት።

ሰንበቱ ደረሰና አነበበች። በመጨረሻው ረድፍ ማንም ያልጠራቸው ሁለት ሰዎች፣ በምኩራብ ራስ ይሸፈናልና ከበር ላይ የተዋሱትን ቆብ ደፍተው ተቀምጠው ነበር። እዚያች ቦታ ስትደርስ አንደኛው አገጩን ቁልቁል አዘነበለ፤ የሚመጣውን እንደሚያውቅ ሰው። እሷ ግን ሽቅብ ወጣች። ሁለቱ ተያዩ። ጉባኤው በእልልታ ሲደሰት እኔ የማየው የእነሱን ማጅራት ነበር። ኋላ ሮጣ መጥታ “አስተካከልኩት አይደል?” ስትለኝ፣ “አስተካከልሽው የኔ ልጅ” አልኳት፤ ያየሁትን አልነገርኳትም።

ሣጥኑን አልነካነውም፤ የመንግሥት ንብረት ነውና። የቀሩት ጥቂት ልጆች ግን ማንም ሳያዛቸው ከሥሩ ያሉትን ወንበሮች ባዶ ትተው ከኋላው ግድግዳ ሥር ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ይህን የሚያህል ሥርዓት እኔ በማስተማር አላመጣሁትም፤ ምስጋናው የእርስዎ ነው።

ከፍ ካለ አክብሮትና ዝቅ ካለ ድምፅ ጋር፣
የጀርባዋ ክፍል መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት አንድ ትሑት ወጣት ባልደረባዎ፣ ከተማሪዎቼ መካከል ትንሿን ከመደበኛ ትምህርት ቤቷ ደጃፍ ጠብቆ “ነይ፣ እቤትሽ ላድርስሽ” ብሏታል። ልጅቱ እምቢ ብላ በእግሯ ሄደች እንጂ ስለ ደግነቱ ሳናመሰግነው አናልፍም። ቤቷ የት እንደሆነ ግን አልጠየቃትም።