ማን ሞቶ ነው የምትሮጠው?

ውዴ ዘሀራ፣

ከተለየሽን ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። አንቺ ባለሽበት ወሬ የሚያደርስልሽ ይኑር አይኑር አላውቅምና የቤቱን ሁኔታ ራሴ ሪፖርት ላቅርብልሽ፤ ዘመኑ የሪፖርት ነው። ልጃችን ፈቲያ የጓዳውን ቁልፍ ይዛለች። ከቀበሌ ሱቅ የምትመጣውን ስኳር ትደብቅብኛለች፤ በዚህ ቁርጥ አንቺን ናት። ጥቁሯ ዶሮሽ ከስፌት መኪናዬ ሥር ካልሆነ እንቁላል አልጥልም ብላ አድማ መታለች። እኔ ደግሞ፣ አትሳቂ፣ ሯጭ ሆኛለሁ።

አውቃለሁ፣ "ይሄ ሰውዬ ከወንበሩ ጋር አብሮ የተሰፋ ነው" ትዪ ነበር። ቀበሌያችን ግን ሰፊው ሕዝብ ይሩጥ ብሎ ወሰነ፤ ለጀማሪዎችም የአሥር ሳምንት ፕሮግራም አወጣ። ቁምጣውን እንድሰፋ የታዘዝኩት እኔው ስለነበርኩ "በልኬ ጠፋ" ብዬ እንኳ ማምለጥ አልቻልኩም።

ለፈቲያ ያልነገርኳትን ላንቺ ልንገርሽ። የሄድኩት ስለታዘዝኩ ብቻ አይደለም። ያን ቀን ከሆስፒታል "ቶሎ ና" ተብሎ ሲላክብኝ፣ ዳገቱን ስወጣ ትንፋሽ አጥሮኝ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። አንዴ አጥር ተደግፌ፣ አንዴ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ። ስደርስ ፊትሽን ሸፍነውታል። ሰዉ "እንዴት ፈጥነህ ደረስክ!" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አንዴ እንኳ ሳልቆም መድረስ።

ልምምዱ ከከተማ ወጥቶ ወደ ሰቃ በሚወስደው የገጠር መንገድ ነበር። አሠልጣኛችን፣ የትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት "አንድ የስልክ እንጨት ሩጡ፣ ሁለት የስልክ እንጨት ተራመዱ" አለን። የገጠሩን ሰው ግን ያማከረው የለም። በዚያ አገር ትልቅ ሰው ከሮጠ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ቤት ተቃጥሏል። ገበሬዎቹ ዶማቸውን ጥለው "ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?" እያሉ ተከተሉን። አንዲት እናት የሟቹን ስም እንኳ ሳይሰሙ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

አሠልጣኙ "ማንም አልሞተም፣ ስፖርት ነው!" ቢላቸው፣ "ታዲያ ሰው ሳይሞት ምን ያስሮጣችኋል?" አሉ። አብረውን የሚሮጡት የቀበሌው ሊቀ መንበር ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

በአሥረኛው ሳምንት ፈተናው ሳይቆሙ እስከ ድልድዩ መሮጥ ነበር። ሊቀ መንበሩ መሐል መንገድ ላይ ስብሰባ ትዝ አላቸውና የጭነት መኪና ላይ ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጥላ ፍለጋ ገቡ። እኔ ቀጠልኩ። ልቆም ስል፣ አንድ ሽማግሌ ከቡና ማሳቸው ወጥተው ዱላቸውን እንደያዙ ከጎኔ መሮጥ ጀመሩ። "ማን ሞተ?" አሉኝ። "ማንም" ልል ነበር፤ "ባለቤቴ" አልኩ።

"ኢና ሊላሂ!" አሉ፤ ሌላ ጥያቄ የለም። ሐዘንተኛ ብቻውን አይሮጥም ብለው እስከ ድልድዩ አብረውኝ ሮጡ። እሳቸው ባይኖሩ ቆሜ ነበር። ድልድዩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልሽ። ከዚያ "ቀብሩ መቼ ነው?"

"አምና ተቀብራለች፣ አባቴ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ቀዩን ቁምጣዬንም ጭምር፣ አዩኝ። "ታዲያ አሁን ነው የምትሮጠው?"

"አሁን ነው የደረስኩት" አልኳቸው። ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

ፈተናውን በማለፌ የተሰጠኝን የምስክር ወረቀት ፈቲያ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። የስልክ እንጨት ባየሁ ቁጥር አስታውስሻለሁ፤ መንግሥት ደግሞ እንጨት በመትከል አይታማም። ወደ መቃብርሽ ስመጣ ግን አልሮጥም፤ ቀስ ብዬ ነው የምመጣው። ከእንግዲህ ሳልደርስ የትም አትሄጂብኝም።

ከወንበሩ የተተረተረው ባልሽ፣
ነስሩ