አባባ የቀለባት ኳስ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለዲዲ ሱርሳቲ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ሃሮልድስ? ልጆቹስ? የአንቲጓ ሙቀት እንዴት አድርጓችኋል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማማ ከዓይኗ በቀር ሁሉ ነገሯ ደህና ነው፤ ምላሷማ ጭራሽ ወጣት ሆኗል።

ይህን የምጽፍልሽ ራሴ ቡድራም ነኝ፤ ማንንም አላስጻፍኩም። በሃምሳ አራት ዓመቴ የማታ ትምህርቴን ጨርሼ ከሠላሳ አንድ ተማሪ ሦስተኛ ወጣሁ። የቀደሙኝ ሁለቱ ልጅ እግሮች ስለሆኑ አይቆጠሩም። ፊደሎቼ ዘመም ካሉብሽ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው።

የምሥራቅ ዳርቻ ቡድናችን ዘንድሮ ከአምስት የክሪኬት ጨዋታ ሦስቱን አሸንፏል። አለቃው የሩዝ መኪና ሾፌር ነው፤ ኳስ ሲመታ ጎረቤት መንደር ድረስ ይሰዳታል። ሜዳውን የዳመጥኩት ግን እኔ ነኝና ድሉ የማን እንደሆነ አንቺው ፍረጂ። የተሸነፍንባቸው ሁለቱ ቀናት ዝናብ ስለነበረ እኔን አይመለከቱም።

መቼም ቡድኑን ሸንኮራ ቆራጮች ካቋቋሙት ወዲህ ዋንጫ የበላው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በአባባ እጅ። ታሪኩን በየእሑዱ ከሮቲው ቂጣ ጋር አብረን ስለዋጥነው ታውቂዋለሽ። በ1961 የቡድኑን ሻንጣ ተሸክሞ ጆርጅታውን ወረደ፤ ከተጫዋቾቹ የአንዱ እግር ሲሸማቀቅ «ጃግሩፕ፣ ግባና ቁም» አሉት፤ የመጨረሻዋን ኳስ መሬት ሳትነካ ከሰማይ ቀለባት፤ በዚህም መቺው ከጨዋታ ወጣና አሸነፍን። እማማ እኔን ታጠባ ስለነበር አላየችም። አብረውት የተጫወቱት ደግሞ ዛሬ አንዳቸውም የሉም።

የምስክር ወረቀቴን በተቀበልኩ ማግስት እማማ «እስቲ ሂድና የአባትህን ስም ከቡድኑ የጨዋታ መዝገብ አንብብልኝ» አለችኝ። መዝገቡ ያለው ያኔ የቡድኑ ጸሐፊ ከነበሩት ከመምህር ኮርኔሊየስ ዘንድ፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። ዲዲ፣ ያቺን ገጽ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኳት። የመቺው ስም አለ፣ የወርዋሪው ስም አለ። የቀላቢው ቦታ ላይ «ተተኪ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። መጽሐፉን እስከ ልባሱ ፈተሽኩት፤ አባባ የለም። አንባቢ በሆንኩ በሳምንቴ መሃይምነቴ ናፈቀኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?

መምህር ሳቁብኝ። «አንተ ሞኝ! ተተኪ ሆኖ የገባ ሰው ስሙ አይጻፍም፤ የጨዋታው ሕግ ነው። ተተኪው አባትህ ነበር፤ ‹ተተኪ› ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ» አሉኝ። እንግዲያው አሁን ስሙን ይጨምሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። «ለአንተ ብዬ መዝገብ አላበላሽም» አሉ። ነገር ግን ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ቤት አብረውኝ መጡና ለእማማ በራሳቸው አፍ ነገሯት።

እኔ የሚያኮራት ነገር ፈልጋ የላከችኝ መስሎኝ ነበር። መምህርን ስትሰማ ነው «ሳህን ሁሉ ሲሰብር የኖረ ሰው ኳስ ቀለበ ቢለኝ እንዴት ልመን? ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሸኝ ብዬ ኖርኩ» ያለችው። መምህር ለምን እንዳልጠየቀቻቸው ቢጠይቋት «ባሌ ውሸታም ነው ወይ ተብሎ ሰው ይጠየቃል?» አለቻቸው። ከዚያ የአባባን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አስወርዳኝ፣ መስታወቱን በሻሿ ጫፍ ወለወለች። «ይቅር በለኝ አንተ ሰው» ስትል ሰማኋት።

መዝገቡ አልቀበል ካለ እኔም ብዕር አለኝ። ስለዚህ እዚሁ እጽፈዋለሁ፦ የመጨረሻው መቺ ወጣ፤ ኳሷን የቀለባት ጃግሩፕ ነው። ይህን መስመር ለእማማ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። በሦስተኛው «ስሙን ብቻ ድገምልኝ» አለችኝ፤ ደገምኩላት። ወረቀቱን አደራ አትጣይው፤ ስሙ የተጻፈበት ሌላ ቦታ የለም።

ለሃሮልድ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የትልቋን የካማላን፣ የመንትዮቹንም ጉንጭ ሳሚልኝ፤ አያታቸው ማን እንደነበረም አንብቢላቸው። ባለቤቴ ዱላሪ ሰላም ብላሻለች፤ በቅመምና በዘይት የዘፈዘፈችው የማንጎ አቸር ደርሷል፣ ሰው ሲገኝ ትልክልሻለች። እማማ ጉልበትሽን በኮኮናት ዘይት እሺው ብላለች።

ታናሽ ወንድምሽ ቡድራም፣ የቀላቢው ልጅ

ቁጥር ሰማንያ ሁለት መንደር፣ ቤርቢስ
ኤፕሪል 14 ቀን 2013