የገብስ አንገት

እማዬ፣

አንቺ አፈር ከለበስሽ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሞላሌ ገበያ ስወጣ ሰዉ ዛሬም እግዜር ያጥናሽ ይለኛል። አልጠናሁም፤ አሜን ብዬ ግን አልፋለሁ።

ቤቱ ያው ነው። ነጯ በግሽ በውርጩ ሞተች፣ ደጁንም ሣር ውጦታል። አባባ ግን እንደ ድሮው አይደሉም።

አረም ያስተማርሽኝን ክረምት ታስታውሻለሽ? ለእኔ ማሳው ሁሉ አንድ አረንጓዴ ነበር። ገብሱንም ገብስ መሳዩን አረም ሲናሩንም ሳልለይ ስነቅል አይተሽ ተንበረከክሽና፣ መልኩን ተይው፣ አንገቱን እይ አልሽኝ። ቅጠሉ ከአገዳው በሚለይበት ቦታ ላይ ገብስ አገዳውን የሚያቅፍበት ሁለት ቀጫጭን ክንድ አለው፤ ሲናር የለውም። እስከዚያች ቀን ዓይኔ ሥር የነበረ ነገር ነው፤ ካሳየሽኝ በኋላ ማሳው ለሁለት ተከፈለልኝ። አባባ ጎንበስ ሳይሉ ከቁመታቸው ይለዩት ስለነበር ይስቁብኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አባባ ብቻቸውን ማሳ ወረዱ። ስደርስ የላይኛውን ማሳ አርመው ጨርሰዋል። የነቀሉት ገብሱን ነው። አፈሩን አራግፈው አንቺ እንደምትወጂው ወሰኑ ላይ ደርድረውታል፤ ሲናሩ ለብቻው ቆሟል። ደከመኝ፣ ግን አማረ አሉኝ። አዎ አማረ አልኳቸው። የዓመት ጉርሳችን ተጋድሞ፣ ጎረቤት ከማዶ እያየ፣ ሌላ ምን ልበል?

ከዚያ ወዲህ የሺ ብለው በአንቺ ስም ይጠሩኛል። መጀመሪያ ሐዘኑ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ልብ ብዬ ሳይ ፊቴን አያዩም፤ የሚያዩት አንገቴን ነው፣ ሲገንዙሽ አውርደው የሰጡኝን የብር መስቀልሽን።

ትናንት ጠዋት መስቀሉን አውልቄ ቁርሳቸውን አቀረብኩ። ልጃቸውን እንዲያዩ ፈልጌ ነው። ብዙ አዩኝ። ከዚያ ለእንግዳ እንደሚባለው፣ በትሕትና፣ የማን ልጅ ነሽ አሉኝ።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አጥልቄው ስመለስ፣ የሺ፣ የት ቆየሽ አሉኝ። እዚሁ ነበርኩ አልኩ።

መስቀልሽን እሳቸው በሕይወት እያሉ ከአንገቴ አላወርደውም። አንቺንም አልረሳሽም፤ በስምሽ እየተጠራሁ እንዴት እረሳሻለሁ? የእኔን ስም ግን እዚህ ቤት የሚጠራው ጠፍቷል። ካለሽበት ሆነሽ አንዳንዴ ጥሪኝ።

ልጅሽ ትርንጎ