እኔን ሲያልፍ የሚወርደው ጡሩምባ

ጥቅምት 6
ነፋስ አለ። የባቡር ማቋረጫውን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። አምስት ሰዓት ላይ ወልደሚካኤል የሚነዳው ፈጣን ባቡር አለፈ። ዛሬም ሰደበኝ። ሲመጣ ጡሩምባውን በቀጭኑ ይነፋል፤ ልክ እኔን ሲያልፍ አውርዶ እንደ በሬ እምቧ... ዕቃ ጫኙ ባቡር እየተንፏቀቀ ሲያልፍ እንዲህ አይልም። ይኼን ሰውዬ ምን በደልኩት? ሁለት ዓመት ሙሉ!

ጥቅምት 11
ሽማግሌ ተላከብኝ። ልጄን ዳሲቱን ለካሳሁን። የማን ልጅ ነው ብል... የባቡር ነጂው የወልደሚካኤል! "ለሚሰድበኝ ሰው ልጅ አልሰጥም" ብዬ መለስኳቸው። ባለቤቴ ጠጄ፣ ጓዳ ሆና ትሰማ ኖሯል። "አንተ ሰውዬ፣ በጡሩምባ ልጅ ይከለከላል?" ዳሲቱ እራት አልበላችም። እኔም አልወረደልኝም።

ጥቅምት 13
ዳሲቱ አታናግረኝም። ልጁ እኮ ጨዋ ነው... ግን አባቱ!

ጥቅምት 19
ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ወልደሚካኤል "ያለኝ ጡሩምባ አንድ፣ ድምፁም አንድ። ካላመነኝ አብሮኝ ይሳፈር" ብሏል። እኔ ጆሮ የለኝም? እሄዳለሁ። እጅ ከፍንጅ ነው የምይዘው።

ጥቅምት 22
ማቋረጫውን ለባልደረባዬ ለፈየራ ትቼ ከአዲስ አበባ ከወልደሚካኤል ጎን ቆሜ መጣሁ። እጁ ላይ አፈጠጥኩ። ቃሊቲን እንዳለፍን መንፋት ጀመረ፤ ሳያቋርጥ። ማቋረጫዬን አለፍን... ድምፁ ቅንጣት አልተለወጠም! ዛሬ ፈርቶኝ ነው አልኩ በሆዴ። አቃቂ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩና ፈየራን ጠየቅኩት።
"እንደ ወትሮው ነው ጋሽ ለሜሳ። በቀጭኑ መጣ፣ እኔን ሲያልፍ ወረደ።"
ታዲያ እኔ እጁን እያየሁት አልቀየረውም!

ጥቅምት 23
ወልደሚካኤል ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል ያዘኝ። "ኧረ በእግዜር! ወደ እርስዎ ስሮጥ የድምፁ ሞገድ ይጠጋጋል፣ ይቀጥናል። ከእርስዎ ስርቅ ይራራቃል፣ ይወፍራል። ስንማር ነግረውናል። እኔማ አብሬው ስለምሄድ ሰምቼው አላውቅም። ሰላም እያልኩዎት እኮ ነበር!"
አፈርኩ። በሰላምታ ነው ለካ ስቃጠል የኖርኩት። ልጄን ሰጠሁ። ማታ ዳሲቱ እግሬን አጠበችኝ፤ ቂም የላትም።

ጥር 24
ሰርጉ ባለፈ በሳምንቱ ካሳሁን ዳሲቱን ይዞ ሥራው ወዳለበት ወደ ድሬዳዋ ሄደ። ባቡሩን የሚነዳው አማቷ ወልደሚካኤል ነው። ማቋረጫውን ዘግቼ ቆምኩ። ጡሩምባው በቀጭኑ መጣ... ዳሲቱን በመስኮት አየኋት... አለፈችኝ... ወረደ። እሷ ውስጥ ናት፣ አንድ ድምፅ ነው የሚሰማት። የወረደው ለእኔ፣ ለቀረሁት ነው። እንዲህ እንደሚያባባ አላውቅም ነበር። መዝጊያውን መክፈት ረስቼ ሳለቅስ ባለጋሪዎቹ ጮኹብኝ።