ከመኪናዬ ስለጎደለው ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ጭራ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወገብዎም ጭምር ደኅና ነው? ወገብዎን ለይቼ የጠየቅሁት ቀኑን ሙሉ ከወንበር ሳይነሡ መዋል እንደማይበጅ ከራሴ ስለማውቅ ነው፤ እኔስ ቢያንስ ለሽንት እነሣለሁ።

በመቀጠል ለእርስዎና ይህን ለሚያነብ ሕዝብ ሁሉ አንድ ታላቅ ዜና በአክብሮት አበሥራለሁ፦ የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገለችኝ የጀርመን መኪናዬ በጽሕፈት ቤትዎ ውሳኔ ጭራ አብቅላለች። የተጎዳ ሰው የለም። ጭራውን እስካሁን በዓይናችን አላየነውም፤ ነገር ግን መዝገብዎ አለ ካለ የእኛ ዓይን ማን ሆኖ ነው የሚከራከረው?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልነሣ። ይህች መኪና ሁለት ዓይነት ሆና እንደተሠራች እርስዎ ያውቃሉ፤ ባያውቁም ያውቃሉ ብሎ መጻፍ ጨዋነት ነው። አንደኛዋ ሀችባክ የሚሏት፣ ከኋላዋ ቁርጥ ያለች፣ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ብድግ የሚል ናት፤ እኔ ቆራጣዋ እላታለሁ። ሁለተኛዋ ሴዳን ናት፤ ከኋላዋ የዕቃ ሳጥን የተቀጠለላት ስለሆነች ባለጭራዋ እላታለሁ። ሞተራቸው አንድ፣ ፊታቸው አንድ፤ ከፊት ለፊት ሲያዩዋቸው የወለደች እናታቸውም አትለያቸው። ቆራጣዋ የእኔ ናት፣ ባለጭራዋ የባለቤቴ ወንድም የሰዓት ሠሪው ናት፣ ሁለቱም ነጭ ናቸው።

እኔና አማቼ የትኛዋ ትሻላለች በሚል ሠላሳ አራት ዓመት ተሟግተናል። እሱ፣ የእኔ ዕቃ በራሱ ክፍል እኔም በራሴ ክፍል ነን፣ አንተ ግን ሽንኩርት የጫንክ ዕለት ሰው አይቀርብህም ይለኛል። እኔም ያንተዋ ማቀዝቀዣ አዝላ ገበያ የወጣች ትመስላለች እለዋለሁ። ያንተዋ ደግሞ ሠራተኞቹ ሳይጨርሷት ለምሳ የወጡባት ናት ይላል። እኔ ግን አልጋ ጭኜባታለሁ፣ የቁም ሣጥን በር ጭኜባታለሁ፣ የእሱ ጭራ አልቀበልም ያለውን የራሱን የሥራ ጠረጴዛ እንኳ ጭኜለታለሁ። በዚህ የቤተሰብ ሙግት መካከል ጽሕፈት ቤትዎ በዳኝነት ስለገባልን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. አምና ሊብሬ በአዲስ ይቀየር ሲባል ሁለታችን ተከታትለን መጣን። መዝጋቢዎ መኪና የሚያዩት ከመስኮታቸው ሳይነሡ እንደሆነ፣ ከመስኮቱም የሚታየው የመኪና አፍንጫ ብቻ እንደሆነ የተረዳሁት ያን ዕለት ነው። ሁለት ነጭ አፍንጫ አዩ፤ የሞተሩን ቁጥር አስተካክለው ጻፉ፤ ዓይነቱን ግን አቀያየሩት። የእኔ ሴዳን፣ የእሱ ሀችባክ ተባለች። እኛም መነጽራችንን ቤት ረስተን ስለነበር አመስግነን ወጣን። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱን እኩል እንካፈል።

፪ኛ. በዚያ ማክሰኞ ለዓመታዊ ምርመራ ስቀርብ መርማሪዎ ሊብሬውን አየ፣ መኪናዋን ዞረ፣ ሊብሬውን እንደገና አየ፣ ሜትር አምጥቶ ለካና፣ አባባ፣ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ይጎድላታል፣ የት አደረጉት አለኝ። ልጄ፣ እኔ ራሴ በዕድሜ አራት ሴንቲ ሜትር ጎድያለሁ፣ እሱንም የት እንዳደረግሁት አላውቅም አልኩት። አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ፈለገ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለውን ተረት ስሰማ አርጅቻለሁ፤ በሜትር ተለክቶ ሲለቀም ግን የመጀመሪያዬ ነው። በመጨረሻም ጭራውን እስካቀርብ ድረስ ታርጋዬን ፈትቶ ወሰደ።

፫ኛ. በማግሥቱ የአማቼ ባለጭራ፣ ሀችባክ የሚል ሊብሬዋን ይዛ፣ በሠላሳ ሴንቲ ሜትር ትርፍ ቀረበችና አለፈች። እንዴት ብለን ብንጠይቅ፣ ትርፍ ጉድለት አይደለም ተባልን። ከዚያ ወዲህ አማቼ በሰፈሩ ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል፤ ይህን የመሰለ ሰው አጠገቤ ስላኖሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፬ኛ. ሊብሬ ለማሳረም ሦስተኛው መስኮት፣ መጀመሪያ ምርመራ እለፍ አለኝ። ምርመራ ለማለፍ አምስተኛው መስኮት፣ መጀመሪያ ሊብሬ አሳርም አለኝ። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከወዲያ ወዲህ ስመላለስ ዋልኩ፤ ልዩነቱ የሸማኔው በመጨረሻ ጨርቅ ይወጣዋል።

፭ኛ. ይህችን በተራ ቁጥር አስገባኋት እንጂ ሌሎቹን የጻፍኩት ለእሷ ስል ነው። ባለቤቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን የእግር ሕክምና አላት። ተሽከርካሪ ወንበሯ የማይታጠፍ፣ መደገፊያው ረጅም ነው፤ በቆራጣዋ የኋላ በር ግን እንደቆመ ይገባል። ከወር በፊት ሐኪሟን ይዛ አሥራ አንድ እርምጃ ሄዳ ነበር። ታርጋው ከተፈታ ወዲህ አራት ቀጠሮ አመለጣት፤ አሁን ሰባት ነው የምትሄደው። ሐኪሟ፣ እንዲህ ከቀጠለ እግሩ ይያዛል፣ ከተያዘ መመለሻ የለውም ብላናለች።

አማቼን አልወቅሰውም፤ መኪናውን ይዞ ከተፍ አለ። ነገር ግን ወንበሩ በጭራዋ ውስጥ አልገባ ስላለው ሊፈታው ተነሣ፤ የሰዓት ሠሪ ነገር፣ መፍታት ከጀመረ ማን ያቆመዋል? ዐሥራ አራት ብሎን በየተራ በመሐረብ ላይ ደርድሮ፣ አንዱን ወደ ብርሃን አንሥቶ እያደነቀ፣ ሰዓቱ አለፈ። በሌላው ቀጠሮ ሳይፈታ ይሁን ብለን ወንበሩን ግማሹን አስገብተን በገመድ አሰርነው። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችና፣ እናንተ ሰዎች፣ እኔን ከፊት አስቀምጣችሁ እግሬን ከኋላ ልትጎትቱት ነው እንዴ አለች። ሳቅን። በመንገድ ላይ ገመዱ ሦስት ጊዜ ስለላላ ግን ያም ቀጠሮ አለፈ፤ በመልሱ ማንም አልሳቀም። እነሆ ሠላሳ አራት ዓመት የተሟገትንበትን አማቼ በዚያው ምሽት ያንተዋ ትሻላለች ብሎ አመነልኝ፤ የመርታት ደስታዬ ግን በአፌ መረረኝ።

ባለፈው ሐሙስ ሦስታችንም ወደ ቢሮዎ መጣን። በክብር ተቀብለው፣ ወንበር ስበው አስቀምጠው፣ ጉዳያችንን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ በደብዳቤ አመልክቱ ስላሉን ይኸው አመለከትኩ። ለጋዜጣም የላክሁት አንዳንድ ደብዳቤ ከመስኮት መስኮት ሲዞር እንደሚደክመው ስለማውቅ ነው። የልጅ ልጄ፣ አያቴ፣ ስድቡን ቀንስ ባትለኝ ኖሮ ሦስት ገጽ ይሆን ነበር።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለቱን መኪኖች በግቢዎ ውስጥ ጎን ለጎን እናቆማቸዋለን፤ እርስዎ ከጠረጴዛዎ ተነሥተው ይምጡና ከኋላቸው ይዩዋቸው። ለክቼዋለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ለእርስዎ ከበዛብዎ ባለቤቴ ሰባቱን እኔ እችላለሁ ብላለች፤ የቀረው አሥራ ሁለት ነው።

ጭራ እንጂ ትዕግሥት ያልጎደለኝ፣
የቆራጣዋ ጌታ፣ የባለ ወንበሯ ባል፣ የሰዓት ሠሪው አማች፣
ዕድሜዎን ከመኪናዬ ያስረዝምልኝ እያልኩ።

ማሳሰቢያ፦ ውሸት ይዤ መሞት አልፈልግምና፣ ከላይ ከጻፍኩት ሁሉ አንዲቱን ነገር የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ሜትሩ እውነት ነው፣ ዐሥራ አራቱ ብሎን እውነት ነው፣ ትርፍ ጉድለት አይደለም መባሉም እውነት ነው። ወንበር ስበው አስቀመጡን ያልኩት ግን ውሸት ነው። ያን ዕለት በቢሮዎ ውስጥ ከእርስዎ ሌላ የተቀመጠች ሰው ባለቤቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ወንበሯን ይዛ ስለመጣች ነው።