ለአንድ ጊታር የጻፍኩት ዜማ

ለውድ እህቴ ለፈርዶሳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? አብዱናስር ከሥራ በጊዜ መግባት ጀመረ? የጂዳ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማን ጉልበቷን አንዳንዴ ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። እኔም አካሌ ደህና ነው፤ ውስጤ ግን እየነደደ ነው፣ ልደብቅሽ አልችልም። በድምፅ ልልክልሽ ጀምሬ ሦስቴ አጠፋሁት፤ ጩኸት ብቻ ሆነብኝ። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ ፎቶውን ልኬልሻለሁ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው «አገሩ ሁሉ ዜማህን እየሰማ ነው፣ እኔና ኢንሳፍም ወጥ ቤት ውስጥ ጨፈርንበት» ብለሽ ልከሽልኝ ነበር። ደስ እንዲለኝ ብለሽ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። የጨፈራችሁበት የኔ አይደለም። የኔን አርደው ቆዳውን ከበሮ ላይ የወጠሩት ነው።

ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺ በላክሽልኝ ጊታር ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከማስተማር ስመለስ፣ አንድ ዜማ ስጽፍ ነበር። ለጊታር ብቻ ነው፤ ዘፋኝ የለውም፣ ከበሮ የለውም፣ አጃቢ የለውም። አውራ ጣቴ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል፣ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ይሄዱበታል። ለዚህ ብዬ የቀኝ እጄን ጥፍር አሳድጌ ስንቴ ተሰድቤያለሁ፤ አክስታችን ኩብራ እንኳ ምላጭ ይዛ አሳዳኛለች። ቀጭኑ ክር ሲበጠስ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ሚኤሶ ላይ ጠብቄ፣ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አስመጥቼ ነው የተካሁት። ስሙን «የእማ እጅ» አልኩት። እማ ጫት ስትለቅም እንዴት እንደምታንጎራጉር ታስታውሻለሽ። ቅርንጫፉን ትመርጣለች፣ ጉልበቷ ላይ መታ መታ አድርጋ ታስተካክላለች፣ ልታስር ስትል ልጡን በጥርሷ ስለምትይዝ እንጉርጉሮው ቀጥ ይላል። አስራ ስትጨርስ ካቆመችበት ትቀጥላለች። እኔም እዚያ እዚያ ቦታ ላይ ጣቶቼን ከክሩ አነሳለሁ። ዝምታው ወረቀቱ ላይ እንደ ድምፁ ሁሉ ተቆጥሮ ተጽፏል።

ጥቅምት ላይ የከተማው የባህል ምሽት አዘጋጆች «ችሎታ ያለው ይምጣ» ሲሉ ሄድኩ። ሰብሳቢው አቶ ዘገየ ናቸው። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ተጫውቼ ስጨርስ ምን አሉኝ መሰለሽ? «ቃኝተህ ጨረስክ? በል አሁን ጀምር» አሉኝ። ጨርሻለሁ ስላቸው ዘፋኙ የታለ አሉ። ዘፋኝ የለውም ብላቸው ያላለቀ ነገር ይዘህ ነው እንዴ የመጣኸው ብለው አሰናበቱኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጣሁ። ለካ በስልካቸው ቀድተውት ኖሯል።

ጥር ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ዜማዬን ሰማሁት። ኦርጋን የሚጫወተው ዳግማዊ ከበሮ ጨምሮበታል፤ ሚካል የምትባል ዘፋኝ ደግሞ ከላይ እስከ ታች «ና ና» እያለች ትዘፍንበታለች። ዝም የምልበትን ቦታ ሁሉ በጭብጨባ ሞልተውታል። ዩቲዩብ ላይ ከሥሩ «ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባል ነበር፤ እነሱ ግን ደምቀውበት ከቺሮ እስከ በደሳ የማያሰማው ባጃጅ የለም። ዳግማዊን ሄጄ ጠየቅሁት። አልዋሸኝም፤ «አቶ ዘገየ ባለቤት የለውም ብለው ነው የሰጡኝ» አለ። በሱ አልፈርድም።

አቤት ስል ነገሩ ወደ ሽማግሌ ተመራ። የድንበርና የትዳር ጠብ ሲያስታርቁ የኖሩ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሐጂ ታጁዲን እየመሩ፣ የጊታር ዜማ ሊዳኙ ሐጂ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። አቶ ዘገየ «ሴቱ ሁሉ የሚያንጎራጉረው ነው፣ እናቱም ከእናቷ የሰማችው ነው» ብለው ተከራከሩ። እንጉርጉሮው የጋራ ነው፣ አልክድም፤ እሱ ሁለት ስንኝ ቢሆን ነው። ታዲያ ዱቄቱ ከጋራ ወፍጮ መጣ ተብሎ ዳቦው የጎረቤት ይሆናል? አሥራ አንድ ገጽ ኖታ አወጣሁ። የሚያነበው አልተገኘም፤ ሐጂ ዘቅዝቀው ይዘው ጉንዳን የሄደበት ይመስላል አሉ።

ምስክር አምጣ ሲሉኝ እማን ጠራሁ። የሚካልን ዘፈን በስልክ አሰሟት። እማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችና «ልጅቷ ድምፅስ አላት፤ ግን መቼ ነው የምታስረው?» አለች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከአቶ ዘገየ ጋር የተጠራው ዳግማዊ ብቻ አልሳቀም፣ አቀረቀረ።

ከዚያም በኋላ ምን ቢፈርዱ ጥሩ ነው? ረመዳን ቂም ተይዞ አይገባም፤ ዘገየ ይቅርታ ይበል፣ ኢርሻድ የሕዝብ ዜማ ነው ብሎ ይፈርም፣ ስሙ ከታች «ምስጋና» ተብሎ ይግባለት አሉ። ለገዛ ልጄ ምስጋና ልቀበል ማለት ነው። አቶ ዘገየ ሊስሙኝ ተነሱ፤ እኔ ጉንጬን አልሰጠሁም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ ሽማግሌ አዋረደ ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው ሰላምታዬን እንኳ በግማሽ አፉ ነው የሚመልስልኝ።

አሁን የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። አባታችን ስለሌለ፣ ያሳደግሽኝም አንቺ ስለሆንሽ፣ የፊታችን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ታጁዲን ላንቺ ሊደውሉ ነው። ወንድምሽን እሺ አሰኚልን ይሉሻል። አንቺ ደግሞ ሽማግሌ ሲለምንሽ ልብሽ ቶሎ ይራራል፣ አውቅሻለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለሽ የመከርሽኝንም አልረሳሁም። አደራሽን፣ እሺ እንዳትዪ። አንቺ እሺ ካልሽ እኔ እምቢ ማለት አልችልም፤ እኔን ትተው ወዳንቺ የሚደውሉትም ይህን ስለሚያውቁ ነው።

እኔ ብቻዬን የተጫወትኩትን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ሰው በሌለበት ስሚው። ላይጥምሽ ይችላል፣ አልቀየምሽም። ለሐጂም እንዲህ በያቸው፦ ዜማው ደረቅ ነው፣ አሰልቺ ነው፣ አያስጨፍርም ብለው ይጻፉበት። ከሥሩ «ደራሲ ኢርሻድ» ካለ፣ ለዚያ ዛሬውኑ እፈርማለሁ።

ለአብዱናስር ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ኢንሳፍን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እማ ዱዓዋ አይለይሽም። አክስታችን ኩብራም ሰላም ትልሻለች። ጎረቤታችን እትዬ እቴነሽ ጾም ይዘዋል፤ እሳቸው እንኳ ዛሬም ሙሉ ሰላምታ ነው የሚሰጡኝ፣ ላንቺም እንደዚያው ብለዋል።

ወንድምሽ ኢርሻድ
ቺሮ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.